እጅን ማጅራት ላይ ማድረግ

በእኛ አገር ሁለት እጅን ማጅራት ላይ መቆለፍ የሐዘንተኛ ነው። ባል ወይም ልጅ የሞተባት ሴት እጆቿን ከአንገቷ ኋላ አጣምራ፣ ክርኗን ከፍታ፣ ወደ ሰማይ እያየች ትጮሃለች። በደኅና ቀን እንዲህ ሲያደርግ የተገኘ ልጅ እጁን በጥፊ ይባላል፤ "ማንን ልትቀብር ነው?" ትለዋለች እናቱ። እኔም እንዲሁ እየተመታሁ ነው ያደግሁት።

ስለዚህ በደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ነርሷ አልጋዬ አጠገብ ቆማ፣ "በይ አሁን ሁለት እጅሽን ማጅራትሽ ላይ ቆልፊ" ስትለኝ መጀመሪያ ያየሁት በሩን ነው። ባሌ ገብቶ እንዳያየኝ።

"ባል አለኝ እኮ" አልኳት።

"ቢኖርሽስ?"

ልጅቱ የሩቅ አገር ሰው ነበረች፤ ነገሩ አልገባትም። እኔም ማስረዳቱ አሳፈረኝ። ቀኝ ጡቴን ቆርጠው አውጥተው፣ ከብብቴ ሥርም ሥጋ ቀንሰው፣ ሲሰፉኝ ሁሉን እያየች ኖራ፣ ከእሷ ፊት የማፍረው ምን እንደቀረኝ እንጃ። ግን አፈርሁ። ሲፈጥረኝ እንዲያ ነኝ። ያበጠውን ነገር ራሱ ለአማቴ እስክነግር ድረስ ክረምት አልፎ መስቀል ደርሶ ነበር፤ ያኔም "ጎኔን አመመኝ" ነው ያልሁት። ጡት የሚለውን ቃል ከአፌ አውጥቼ የተናገርሁት ነቀርሳ ነው ተብሎ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

"ስሚኝ" አለች ነርሷ። "ይኼን ካላደረግሽ ክንድሽ ደርቆ ከጎንሽ ይጣበቃል። እስኪሳብሽ ድረስ ነው እንጂ እስኪያምሽ ድረስ አይደለም። ሲስብሽ ቁሚ፣ ተንፍሺ፣ አውርጂ።"

ግድግዳ አጠገብ አቁማም ጣቶቼ ሽቅብ እንዲድሁ አስተማረችኝ፤ ዛሬ የደረሱበትን በከሰል ምልክት አድርጌ ነገ ትንሽ እንዳልፈው። ጸጉሬን በዚያው እጅ እንዳበጥር አዘዘችኝ። ቁስሉ እስኪጠግግ ድረስ ግን በዚያ እጅ ከአንድ ጣሳ ውኃ የከበደ ነገር እንዳላነሣ፤ እንስራ እንዳላዝል፣ ወፍጮ እንዳልፈጭ፣ እንጨት እንዳልሸከም አስጠነቀቀችኝ። ከጠገገም በኋላ ከጣሳ ወደ ቅል፣ ከቅል ወደ ትንሽ ገንቦ፣ እያልሁ ቀስ በቀስ ነው። ክንዴ ያበጠ ቀን ወደ ኋላ እመለሳለሁ፤ ትራስ ላይ ከፍ አድርጌ አሳርፈዋለሁ። በዚያ ክንድ ላይ ዋግምትም ሆነ ብጣት ከቶ እንዳይነካኝ። እሺ፣ እሺ አልሁ። ከዚያ ሁሉ ትእዛዝ ማጅራቱ ብቻ ነው ሆዴ ውስጥ አልገባ ያለው።

ባሌ እዚያው ደብረ ታቦር ቀረ። የአባቱን ርስት ከአጎቱ ልጆች ጋር ይሟገት ስለነበር ቀጠሮ ነበረው። እኔን ወደ ጋይንት ከሚመለሱ ነጋዴዎች ጋር በበቅሎ ሰደደኝ። ቤታችን ከቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን በታች፣ የተማሪዎቹ ዜማ ከሚሰማበት ገደል አፋፍ ላይ ነው። አማቴ ከደጅ ተቀበሉኝ። ጋቢዬን ገልጠው አዩና መልሰው ሸፈኑኝ፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ሐዘን ብቻ አልነበረም። እሳቸውም አፍረው ነበር።

"ለሰው ጠበል ሄዳለች ብያለሁ" አሉኝ። "አደራ እንዳትጋለጪ። ቆራጣዋ ይሉሻል። ከነልጅ ልጅሽ በዚሁ ነው የምትጠሪው።"

የልጅ ልጅ አሉ እንጂ ልጅም አልነበረኝ። ሁለት ወልጄ ሁለቱም በአራስነት ሞተውብኛል። እንግዲህ ልጅ አልባ ሚስት ጠበል ሄደች ከተባለ አገሩ የሚያስበው ምን እንደሆነ የታወቀ ነው። እኛ ግን አላሰብነውም። ሐሰት ያልለመደ ሰው ሲዋሽ ነገሩን እስከ ዳር አያየውም።

በጠፋው በኩል ባዘቶ ጠቅልዬ በጨርቅ አሰርሁበትና ቀሚሴን አስተካከልሁ። ለሰው ዓይን ሙሉ ሆንሁ። ነገር ግን እንስራው አለ።

አማቴ እንስራ ካወረዱ ብዙ ዘመናቸው ነው። ምራት ገብታ አማት ውኃ መቅዳት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ምራት የምትመጣው ለዚሁ ነው እስከማለት ይደረሳል። እኔ ከተዳርሁ ጀምሮ ያን ገደል አንድ ቀን አስወርጃቸው አላውቅም። አሁን ግን ጠዋት ጠዋት ማዘያቸውን ያጠብቁና፣ ወገባቸውን ይዘው እንስራውን አዝለው ይወርዳሉ፤ እኔ እንደ እመቤት ከምድጃ ዳር ቁጭ ብዬ ጣሳ አነሣለሁ። ሲመለሱ ትንፋሻቸው ከአጥሩ ውጭ ይሰማኛል። እንስራውን ከጀርባቸው ላወርድላቸው እነሣና "ተይ! በዚያ እጅሽ!" ይሉኛል። ቆሜ ማየት ብቻ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር።

ወንዝ ላይ ሴቶቹ ጠየቋቸው። "ምራትዎ ምን ሆና ነው እርስዎ የሚቀዱት?" አማቴም "ከባድ አታንሺ ተብላለች" አሉ። ይኸው ነው ያሉት፤ እውነትም ነበር። ጠበል ደርሳ የመጣች፣ ከባድ አታንሺ የተባለች ሴት! እልልታው እስከ ቤታችን ተሰማ። አማቴ ውኃውን አውርደው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

"እርጉዝ ናት ብለዋል" አሉኝ።

"እርስዎ ምን አሉ፣ እሜቴ?"

"ምን ልበል? አይደለችም ብል፣ ታዲያ ምን ሆና ነው ይሉኛል።"

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኛን የጨነቀን እርጉዝ አደረገን። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ያከብረኝ ጀመር። የጭቃ ሹሙ ሚስት፣ ከእኔ ጋር በአንድ ዓመት የተዳረች፣ ወንዝ አብረን የምንወርድ ጓደኛዬ፣ እርጎ በቅል እየያዘች ትመጣለች። "ጠጪ፣ ለሁለት ነሽ" ትለኛለች። እጠጣለሁ። ያ እርጎ እንዴት እንደሚወርድ እኔ ነኝ የማውቀው። ሆዴን ሰርቃ ስታየኝ ወደ ውስጥ ልሳበው ወይስ ወደ ውጭ ልግፋው፣ እሱም ግራ ይገባኛል።

እጄን የማሠራው አማቴ ወንዝ ሲወርዱ ነው። ከምሰሶው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ ጣቶቼን አስድሃለሁ። መጀመሪያ ከደረቴ አላልፍ አለ፤ ቀጥሎ ትከሻዬን አለፈ። አማቴ ሲመለሱ የከሰሉን ምልክት አይተው "ጨምሯል" ይሉኛል። ደስ ይላቸው ነበር። እኔ ግን አንዲት ጣት ከፍ ለማለት አንድ እንስራ ውኃ በአሮጊት ጀርባ እየወጣ መሆኑን ሳስብ ምልክቱን ማየት እጠላለሁ።

የማጅራቱንም በዚያው ሰዓት እሞክር ነበር። አንድ ቀን ግን የአማቴን ትንፋሽ ሳልሰማ ቀረሁ። በር ላይ ደርሰው፣ እንስራውን እንዳዘሉ፣ እጆቼን ወደ ማጅራቴ ስስብ አዩኝ።

"በቁሜ!" አሉ። "በቁሜ ልትቀብሪኝ ነው? ወይስ ልጄን?"

"እሜቴ፣ ነርሷ ናት ያዘዘችኝ።"

"ነርሷ እናት የላትም? ባል የላትም?"

"ይህን ካላደረግሽ ክንድሽ ይደርቃል አለችኝ።"

እንስራውን አወረዱ። "ግድግዳውን እንደፈለግሽ ቧጥጪ" አሉኝ። "ልጄ በሰው አገር፣ በሙግት ላይ ሆኖ፣ በዚህ ቤት ውስጥ ግን ማጅራትሽን አትያዥ። ሟርት ነው። እኔ ለአንቺ ይኼን ሁሉ አዝያለሁ፤ አንቺ ለእኔ ይኼን አንድ ነገር ተዪልኝ።"

ተውሁት።

ስተወው ክንዴ ጠበቀ። ሻሼን ከኋላ ማሰር አቃተኝ፤ ጸጉሬን አማቴ ይጎነጉኑልኝ ጀመር፣ ይህም ሌላ እፍረት። በዚህ መካከል አንድ ቀን ምርር አለኝና እሳቸው ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ገንቦ አንሥቼ ወንዝ ወረድሁ። ከጣሳ በቀጥታ ወደ ገንቦ። ማንም እንዳያየኝ በጠፍ መንገድ ሞልቼ አዝዬ ወጣሁ፤ ስደርስ እንደ ጀግና ነበር የተሰማኝ። ሳይመሽ ክንዴ እስከ ጣቴ ጫፍ ተነፋ። አማቴ ዋጋሚ ልጥራ ብለው ተነሡ፤ እግራቸውን ይዤ ነው ያስቀረኋቸው። ትራስ ላይ ክንዴን ሰቅዬ ሳምንት ያህል ተኛሁ፤ ጎረቤትም የእርጉዝ ሕመም መስሎት ሊጠይቀኝ መጣ። ወደ ኋላ ተመልሼ እንደገና ከጣሳ ጀመርሁ። ግድግዳው ላይ ያለው ምልክት ግን ከእጄ በላይ ቀረ፤ እጄ እዚያ ድረስ አልደርስ አለ።

ያን ጊዜ ፈራሁ። ይህ ክንድ ከደረቀ ወፍጮ የለም፣ እንስራ የለም፣ ሊጥ ማቡካት የለም። አማቴ ሲደክሙ ማን ሊቀዳ ነው? ባሌስ እጅም ልጅም የሌላት ሴት ይዞ እስከ መቼ ይኖራል? ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን አገሩ አለ፣ ዘመዱ አለ። በቤት ውስጥ ካልሆነ ከቤት ውጭ ልሞክረው አልሁ። "በዚህ ቤት ውስጥ" ነበር ያሉኝ፤ እኔም በዚች ቃል ተሸሸግሁ።

የገብሱ አጨዳ አልቆ ውቂያ የተጀመረበት ሰሞን ነው። ቅዳሜ ነበር፤ ግማሹ ሰው ንፋስ መውጫ ገበያ ሄዷል። አማቴ እንስራቸውን አዝለው ሲወርዱ እኔ በሌላው ወገን ወጥቼ ከሸለቆው አፋፍ፣ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ አጠገብ ደረስሁ። እዚያ በቅሎ የሚስብ መንገደኛ አገኘኝ። ከደብረ ታቦር በኩል የመጣ ነው፤ ወደ ስማዳ የሚወስደውን መንገድ ጠየቀኝ፣ አመለከትሁት። ሰላም ሁኚ ብሎኝ ሄደ። እኔም ከድንጋዩ ጀርባ ገባሁ።

ድንጋዩ የሚጋርደኝ ከእኛ መንደር ወገን ብቻ ነበር። ከሸለቆው ማዶ የጭቃ ሹሙ ሚስት ኩበት ትለቅማለች።

ግራ እጄን ማጅራቴ ላይ አደረግሁ። ቀኙን አነሣሁ፤ ጆሮዬ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ተነፈስሁ፣ አወረድሁት። እንደገና አነሣሁት። ደጋግሜ ደጋግሜ፣ በመጨረሻ ግራ እጄን ልኬ የቀኙን ጣቶች ያዝሁና በዝግታ ወደ ኋላ አመጣኋቸው። ተቆለፉ። ክርኖቼን ወደ ፊት አገጣጠምኋቸው፤ ከዚያ ከፈት አደረግኋቸው። ከብብቴ እስከ ወገቤ የተሳበ ነገር ነበር፣ ግን ሕመም አልነበረም። ፊቴን ወደ ሰማይ አድርጌ "ተመስገን! ተመስገን!" እያልሁ ጮኼ አለቀስሁ። ከማዶ ሆኖ ለሚያይ ሰው ይህ ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብሁም።

በእኛ አገር መርዶ በመንገድ ላይ አይነገርም። አስቀድሞ ወዳጅ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሐዘንተኛው ራሱን እንዳይጥል የሚይዘው ሰው በግራ በቀኝ ይዘጋጃል። የጭቃ ሹሙ ሚስት ያየችው በደብረ ታቦር መንገድ የመጣ መንገደኛ ሲያናግረኝ፣ ወዲያው ደግሞ እኔ ብቻዬን እጄን ማጅራቴ ላይ አድርጌ ስጮህ ነው። ያውም እርጉዝ! ኩበቱን ጥላ በረረች። ክፉ አላሰበችም፤ ደጋፊ የሌላት ጓደኛዋ ሸለቆ ውስጥ ራሷን ትጥላለች ብላ ነው።

ወደ ቤት ሳዘግም ዋይታ ሰማሁ። ከእኛ ሰፈር ነው። ማን ሞተ ብዬ ደነገጥሁ፤ ልብ በሉ፣ እንደ ደንቡ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እያለቀስሁ ነው የገባሁት። ሰዉ የተሰበሰበው እኛ ግቢ ነው። ሲያዩኝ ዋይታው በረታ፤ ሴቶቹ ተንጋግተው መጥተው በግራ በቀኝ ያዙኝ።

"ማን ነው? ማን ነው የሞተው?" አልሁ።

"አይዞሽ እህቴ፣ ጨክኚ" ይሉኛል እያለቀሱ።

አልቃሿ ከመካከል ገብታ አወረደች፦

"ርስቱን ሊያስመልስ ሄደ ደብረ ታቦር፣
ሦስት ክንድ መሬት ተፈረደለት ለመቃብር።"

ለአንዲት አፍታ እኔም አመንሁ፤ እኔ ሳልኖር መርዶ የመጣ መሰለኝ። "ማን ነገራችሁ?" ብዬ ጮህሁ።

"የጭቃ ሹሙ ሚስት ሲያረዱሽ አይታ ነው እንጂ! መንገደኛው ሲነግርሽ!" አለች የያዘችኝ ሴት።

ያኔ ነው የገባኝ። "አልሞተም!" አልሁ። "ኧረ አልሞተም! ውሸት ነው!"

ይህን የማትል ባል የሞተባት ሴት አለች? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። "አልሞተም" ባልሁ ቁጥር ሰዉ ይብሱን አለቀሰ። ለማምለጥ ስታገል አጥብቀው ያዙኝ፤ አንዷ የያዘችኝ በቀኝ ክንዴ ነበር። የነፍስ አባታችን ከቤተ ክርስቲያን መስቀላቸውን ይዘው ደረሱ፤ "ልጄ፣ እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ" ሲሉኝ ለእሳቸውም "አባቴ፣ አልሞተም" አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

በዚህ መካከል አማቴ ከገደሉ ወጡ። ዋይታውን ከወንዝ ሰምተው እንስራውን እንዳዘሉ ሮጠው ነው የመጡት፤ ውኃው በጀርባቸው ወርዶ ቀሚሳቸውን አርሶታል። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ማንም ምንም አላላቸውም፤ ነገር ግን አልቃሿን ሰሙ፣ እኔንም ነጠላዬን አዘቅዝቄ አዩኝ። እጆቻቸውን አንሥተው ወደ ማጅራታቸው ሰደዱ። እንስራው ከለከላቸው። ደግመው ሰደዱ፤ ጣቶቻቸው የእንስራውን አንገት እየመቱ ይመለሳሉ። መጀመሪያ እንስራውን ማውረድ እንዳለባቸው የረሱ ይመስል ነበር። "ልጄን?" አሉ፣ ወደ እኔ እያዩ። "ልጄን ነው?"

እኔ ከዚያ በላይ መቆም አልቻልሁም። ግራ እጄን መንጭቄ አስለቀቅሁና ከአንገቴ ጀምሮ ቀሚሴን ቀደድሁት። ሴቶቹ መጀመሪያ ለሐዘን የምቀደው መስሏቸው ሊይዙኝ ዘለሉ። የባዘቶው ጥቅል ወጥቶ እግራቸው ሥር ወደቀ። ከዚያ ጠባሳውን አዩት። ያን ጊዜ ገና ቀይ ነበር፤ ከደረቴ መካከል ተነሥቶ እስከ ብብቴ ይሄዳል።

ዋይታው በአንድ ጊዜ ቆመ። የነፍስ አባታችን ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ፤ ወንዶቹም አቀረቀሩ። ከሩቅ የተማሪዎቹ ዜማ ብቻ ነው የሚሰማው።

"ጡቴን በነቀርሳ ቆርጠውኝ ነው" አልሁ። "እርጉዝ አይደለሁም። ክንድሽ እንዳይደርቅ እጅሽን ማጅራትሽ ላይ አድርጊ ብለውኛል፤ እሱን ሳደርግ ነው የታየሁት። መንገደኛው የስማዳን መንገድ ነው የጠየቀኝ። እሜቴ፣ ልጅዎ ደኅና ነው።"

ሰዉ ፊት ራቁቴን ቆሜ ይህን ስናገር ምን እንደተሰማኝ ዛሬም ለመጻፍ ቸግሮኛል። ሞት የተሻለ ነበር ብል ግነት ነው፤ አማቴ እዚያ ቆመው ሞት ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁና። ነገር ግን ከዚያን ቀን በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። በምጣድ ላይ እንዳለ ገብስ ነበር ቆዳዬ ሁሉ የሚንጣጣው።

ሁለት ሴቶች እንስራውን ከአማቴ ጀርባ አወረዱላቸው። አማቴ ፈጥነው አላቀፉኝም፤ ተቆጥተው ነበር። "ከልክዬሽ ነበር" አሉኝ በዝግታ። ቀጥለው ወደ ሰዉ ዞሩና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ማንም በደረቁ ከዚህ ግቢ አይወጣም! ለቅሶ መጣን ብላችሁ ገብታችሁ ለቀስተኛ ሆናችሁ አትወጡብኝም። ልጄ በሕይወት አለ። ጠላዬን ቀምሳችሁ፣ ዕድሜ ይስጠው ብላችሁ ውጡ!"

ማን እምቢ ይላል? ተራ በተራ ዋንጫ ተቀበሉ። ጠላውን ከጋኑ እየቀዱ የሚያድሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ የረጠበው ቀሚሳቸው ገና ያንጠባጥባል። እኔን ቀና ብሎ የሚያየኝ የለም። "ዕድሜ ይስጠው" ይላል አንዱ፣ ይጠጣል፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ይወጣል። አልቃሿም ጠጣች፤ ያወረደችውን ግጥም በምን እንደምትመልሰው ቸግሯት፣ "ርስቱንም ያግኝ" አለች። የነፍስ አባታችን ለሕያው ሰው ጸልየው ሲነሡ አማቴ እስከ በር ሊሸኟቸው ወጡ። እኔም ነጠላዬን በትከሻዬ ጣል አድርጌ ወደ ቤት ገባሁ።

የጭቃ ሹሙ ሚስት ተከትላኝ ገባች። ይቅርታ ልትጠይቀኝ መስሎኝ ፊቴን አዞርሁ፤ እኔም ለጠጣሁት እርጎ ሁሉ ይቅርታ የምጠይቃት ነበርሁ። እሷ ግን በሩን ገርበብ አደረገችው።

"አመመሽ ስትቆረጪ?" አለችኝ።

"አስተኝተውኝ ነው። በኋላ ነው ያመመኝ።"

ከዚያ እጄን ያዘችና በቀሚሷ አንገት ወደ ውስጥ ሰደደችው። ከግራ ጡቷ በታች ጠጠር የሚያህል ነገር ከጣቴ ሥር አገኘሁ። እንዳይንቀሳቀስ ሆኖ ተጣብቋል። ቀና ብዬ አየኋት።

"ለማንም አልነገርሁም" አለች። "ለባሌም።"

እጄን መሳብ ረሳሁ። እሷ ናት አውጥታ የለቀቀችው።

"አንድ ነገር ንገሪኝ" አለች። "ካስቆረጡት በኋላ እንስራ ማዘል ይቻላል? እንደ አንቺ ስሆን እንስራዬን ማን ያዝልልኛል? እኔ አማት የለኝም።"

ይቻላል ብዬ ልዋሻት ፈለግሁ። ግን ለውሸት የሚሆን ጉልበት ያን ቀን አልቀረኝም። "እንጃ" አልኋት። "እኔ ገና ጣሳ ላይ ነኝ። ገንቦ አንሥቼ ያበጠብኝ ጊዜ አለ፤ ተመለሽ ተብዬ ተመልሻለሁ። ቀስ ብሎ ነው። እጅሽን አቅፈሽ ከተቀመጥሽ ግን ይደርቃል።"

"አሳዪኝ።"

ከግድግዳው አጠገብ ቆምሁ። ጣቶቼን ከደረቴ ጀምሬ ሽቅብ አስዳኋቸው። ትከሻዬን አለፉ፤ ጆሮዬ ዘንድ ደርሰው ቆሙ። ከሸለቆው ትግል በኋላ ከዚያ በላይ አልሄድ አሉ።

"ይኸው ብቻ?" አለች።

"ለዛሬ ይኸው ብቻ።"

ፊቷ ጠቆረ። የእኔ ክንድ ለእሷ አለመድረሱ ጠባሳዬ ከመታየቱ ይልቅ አሳፈረኝ። እሷ ግን መጥታ ከጎኔ ቆመችና የራሷን እጅ ግድግዳው ላይ አደረገች። ጤነኛ እጅ ነው፤ ያለ ችግር ሽቅብ ሄዶ ማገሩን ነካ። እዚያ ላይ ጥቂት አቆየችው። ከዚያ እያየሁ ቀስ አድርጋ አወረደችው፣ ከእኔ ጣቶች ትክክል ሲደርስ አቆመችው።

"እዚህ ድረስ ከሄደልኝ ይበቃኛል" አለች። "ዛሬውኑ ለእሱ እነግረዋለሁ።"

ነጠላዬ ከትከሻዬ ወርዶ፣ በተቀደደ ቀሚስ ደረቴን ገልጬ ቆሜ እንደነበር ያወቅሁት እሷ ከሄደች በኋላ ነው።